ከበሩ አጠገብ የቆመው ሰው

«ጥላዋን ረሳሽው» አለ ወንድሟ ከኋላዋ አንገቱን አስግጎ።

እውነቱን ነው። ሴትዮዋን ከነቦርሳዋ፣ ከነዘንቢሏ ከባንኩ ደረጃ ላይ ጠርጋ አጥፍታታለች። ጥላዋ ግን ጌታው ጥሎት እንደሄደ ውሻ ደረጃው ላይ ተጋድሞ ቀርቷል።

«አይቼዋለሁ። ልደርስበት ስል ነው የቀደምከኝ» አለች ጉንዳን። አላየችውም ነበር።

«እሺ፣ አየሽው እንበል። ሰው ስታጠፊ መጀመሪያ ራሱን፣ ቀጥሎ ጥላውን፣ ከዚያ መስታወት ላይ የወጣውን መልኩን። አንዱን ከተውሽ ዱካውን የጣለ ሌባ ሆንሽ ማለት ነው።»

«ጨረስክ፣ መምህር?»

«ጨረስኩ።» ጭንቅላቷን በጣቱ ኳ አድርጎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ጉንዳን ያላት እሱ ነው። ገና ስትድህ ወለል ላይ ያገኘችውን ሁሉ፣ ቁልፍም ሆነ ማንኪያ፣ እየጎተተች አልጋ ሥር ታከማች ነበር። አሁን ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት ክፍል ውስጥ ስም የሚጠራው መምህር ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሲጠራት አንዳንዴ «አቤት» ማለት ትረሳለች።

ወንድሟ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ መንፈቅ አልሞላውም። የመጀመሪያው የምር ሥራው ይሄ ነው፤ ለአንድ የአርክቴክቸር ቢሮ አዲስ ድረ ገጽ መሥራት። የድሮው ድረ ገጽ ሲከፈት ሳይጠይቁት ሙዚቃ ይለቃል። የቢሮው ስም ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር እየሮጠ ያልፋል። ስልክ ቁጥራቸውን ለማግኘት ጠንቋይ ቤት መሄድ ይሻላል። አዲሱ ግን ነጭ ነው፤ ነጭ ገጽ፣ ትልልቅ ፎቶ፣ ጥቂት ቃል። ፎቶዎቹ ውስጥ ሰው አይታይም። ከመንገደኛ እስከ ዘበኛ ሁሉም ይወጣል። እንግዲህ ያን የማውጣት ሥራ ነው ለእሷ የደረሳት። ትምህርት ቤት ለእረፍት ተዘግቷል፤ እሷ ደግሞ እጇ ለእንዲህ ያለ ነገር ፈጣን ነው፤ ትዕግሥቷ እንጂ።

ቢሮው አባታቸው ዕድሜውን የጨረሰበት ቢሮ ነው። አርክቴክት አልነበረም። አርክቴክቶቹ በእርሳስ የሞነጫጨሩትን ወስዶ፣ ግድግዳውን ግድግዳ፣ በሩን በር አድርጎ በልኩ የሚያወጣ ንድፍ ሠሪ ነበር። ዓምና ሞተ። የድረ ገጹን ሥራ ለወንድሟ የሰጡት የቢሮው ባለቤት ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ለቅሶ ላይ «ይህ ልጅ የእኔም ልጅ ነው» ብለው ነበር። ብዙ ሰው እንዲያ ብሎ ነበር፤ ቃሉን ያስታወሱት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጉንዳን ጥላውን አጥፍታ ቀጣዩን ፎልደር ከፈተች። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ረጅም የእንጨት በር፣ ግራና ቀኙ ጥርብ ድንጋይ። ከበሩ አጠገብ አንድ ሰው ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ ቆሟል።

ብሩሹን አነሳች። ከጎን ካለው ድንጋይ እየቀዳ ሰውየው ላይ የሚለጥፍ ብሩሽ ነው። ጠርዙን ለማየት ፎቶውን አቀረበችው። የሸሚዙ ኮሌታ ከኋላ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ይላል።

እጇ ማውሱ ላይ ቀረ።

ያን ኮሌታ ታውቀዋለች። እናቷ ጠዋት ጠዋት በር ላይ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም?» እያለች የምታወጣው፣ እሱ ከግቢ ሳይወጣ ደግሞ ተመልሶ የሚገባ ኮሌታ ነው።

ቀጣዩን ፎቶ ከፈተች። የትምህርት ቤት ደረጃ፤ እሱ ነው። የክሊኒክ ኮሪደር፤ እሱ። የገበያ አዳራሽ፤ ከሩቅ፣ ከአንድ አምድ ሥር፣ ጥፍር የምታክል ሰው፤ እሷም እሱ።

ነገሩ ትዝ አላት። የቢሮው ደንብ ነው። ጋሼ «ሰው የሌለበት የሕንፃ ፎቶ ሚዛን እንደሌለው ሱቅ ነው» ይሉ ነበር። በሩ የሰው በር ይሁን የግዙፍ፣ መስኮቱ ሰፊ ይሁን ጠባብ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ሕንፃ ባለቀ ቁጥር ፎቶ አንሺ ይዘው ይሄዱና አንድ ሰው ከበሩ አጠገብ ያቆማሉ። የተመልካች ዓይን ፊቱ ላይ እንዳይውል ጀርባውን ይሰጣል። የሚቆመው ሁልጊዜ አባቷ ነበር። አጭርም ረጅምም አልነበረም፤ ደግሞም ቁም ሲሉት ይቆማል። ማታ ይመጣና «ዛሬ ደግሞ ሜትር ሆኜ ዋልኩ» ይላታል። እሷ እየሳቀች ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው በክንዷ ትለካዋለች።

ሳይመረጡ የተጣሉ ፎቶዎች ያሉበትን ፎልደርም ከፈተች። ፎቶ አንሺ መቼም አንዱን በር ሃምሳ ጊዜ ነው የሚያነሳው። አንዱ ላይ እንኳ የሆነ ሰው ጠርቶት፣ መኪና ጡሩንባ ነፍቶ፣ ወይ ሰልችቶት ዞር ብሎ ይሆናል። ምክንያቱን ለማንም አትነግርም እንጂ፣ ፊቱ እየጠፋባት ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ እየገፋ እየገፋ እውነተኛውን ፊት አስወጥቶታል፤ አሁን ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጣላት ክራቫት ያሰረው፣ የማይንቀሳቀሰው ነው። ሁሉንም አየቻቸው። ደመና መጥቷል፣ ደመና ሄዷል፣ ወፍ አልፏል። አባቷ አንድም ጊዜ አልዞረም። ሥራውን ያውቅ ነበር።

«አንተ» አለች።

«እ?»

«ናና እይ።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ና አልኩህ።»

አልመጣም። ፊቱን እንኳ ወደ እሷ አላዞረም። ያኔ ገባት።

«ታውቅ ነበር።»

አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ ይጫናል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አይለወጥም። «ራሴ ልሠራው ከፍቼው ነበር» አለ በመጨረሻ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

«እና ለእኔ ወረወርክልኝ።»

«ላታውቂው ትችያለሽ ብዬ እኮ ነው። ከኋላ ነው የሚታየው፤ ደግሞ ትንሽ ነው...»

«አባቴን ላላውቀው?»

«ጉንዳኔ...»

«ጉንዳኔ አትበለኝ! ቢቀር ምን አለበት? ቆሞ ማንን ገፋ?»

«ትዕዛዝ ነው። ሰው የሌለበት ይሁን ያሉት ጋሼ ናቸው። ደግሞ ይሄን እዪው።» ስልኩን አውጥቶ የሞከረውን ገጽ ከፈተላት። «በስልክ ሲታይ ፎቶው ከግራና ከቀኝ ይቆረጣል። እሱ የሚቆመው ሁልጊዜ ዳር ነው።»

በጠባቡ ስክሪን ላይ በሩ ሙሉ አለ። ከበሩ ጎን አንድ ክንድና ግማሽ ትከሻ አለ። የቀረው አባቷ የለም።

«እንዲህ ይሁን?» አለ ወንድሟ። ድምፁ ተሰበረ፤ ስለተሰበረበትም አፈረና ተነሥቶ ወጣ።

«ነገ ራሴ ጋሼን እጠይቃቸዋለሁ!» ብላ ጮኸችበት። በሩ ግን ከእሱ ኋላ ተዘግቷል።

በማግሥቱ ወንድሟ የደረሰበትን ለጋሼ ለማሳየት ሲሄድ ተከተለችው። አሳንሰሩ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ቁጥሮቹን እያዩ ወጡ።

ቢሮው ሁለት ክፍልና አንድ ረጅም ሳሎን ነው። መደርደሪያዎቹ ላይ ከካርቶን የተሠሩ ትንንሽ ሕንፃዎች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ አቧራ ጠጥተው ግራጫ ሆነዋል። ጸሐፊዋ ከጠረጴዛዋ ብድግ አለች።

«ውይ፣ ይቺ ልጅ እንዴት አደገች! ዞር በይ እስቲ። ከኋላ እኮ ቁርጥ አባትሽን ነሽ!» አለችና የተናገረችው ዘግይቶ ስለገባት አፏን በመዳፏ ያዘች። «ግቡ፣ ግቡ፤ ጋሼ እየጠበቋችሁ ነው።»

መስኮቱ ሥር የነበረው የአባቷ ጠረጴዛ እዚያው ነው። ማተሚያ ማሽን ተጭኖበታል። የሚጠቅም ነገር ተቀምጦበታል፤ ምን ይደረግ ታዲያ፣ መቃብር አይደለም ብላ አለፈች። አልፋም ዞራ አየችው።

ጋሼ ወንድሟ ያሳያቸውን ሁሉ «ጥሩ»፣ «ግሩም»፣ «ፊደሉ ትንሽ ከፍ ቢል፤ የእኔ ዓይን እንደናንተ አይደለም» እያሉ ተመለከቱ። ከዚያ ባዶውን የባንክ ደረጃ አዩ።

«ይሄን የሠራው ማነው?»

«እሷ ናት» አለ ወንድሟ።

«ጎበዝ! ምንም አያስታውቅም።»

«ጋሼ፣ አባቴንም ያውጡ ያሉት እርስዎ ነዎት?» አለች ጉንዳን።

ወንድሟ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጣት። እግሯን ሰበሰበች እንጂ ዓይኗን ከሳቸው አላነሳችም።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዛሬ እኮ ልጄ፣ ሁሉም ቢሮ እንዲህ ነው። ባዶ፣ ንጹሕ። ደንበኛ በሩን ሲያይ ራሱን እዚያ ያቆማል እንጂ ሌላ ሰው ቆሞ እንዲጠብቀው አይፈልግም። ዘመኑ...»

«እርስዎ ነበሩ እኮ ሰው የሌለበት ፎቶ ሚዛን የሌለው ሱቅ ነው የሚሉት።»

ጋሼ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት፤ ንጹሑን መነጽር አቆሸሹት።

«ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት መጀመሪያ የሚመጣው የድሮው ገጻችን ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቤተ መጻሕፍቱ ይመጣል፤ እሱ ቆሟል። ያልፍና ትምህርት ቤቱ ይመጣል፤ እሱ ቆሟል። የመጣው ደንበኛ ሁሉ 'ይሄ ሰውዬ ማነው?' ይለኛል። እኔ ምን እላለሁ? አንድ ቀን 'ሠራተኛችን ነው' አልኩ። 'ነው' አልኩ። እንግዲህ ወንድምሽ አዲስ ሲሠራ እግረ መንገዱን ያወጣዋል ብዬ ነው። በስሙ ጠርቼ አውጣው ማለቱ ከበደኝና 'ሰዎቹን በሙሉ' አልኩት።»

ጉንዳን ልቧ ሊራራ ሲል ንዴቷ ቀደመ። «እርስዎ ለወንድሜ፣ ወንድሜ ለእኔ። እኔስ ለማን ልስጠው? ከእኔ በታች ልጅ የለም።»

ወንድሟ አንገቱን ደፋ። ጋሼ መነጽራቸውን አጥልቀው «እውነትሽን ነው» አሉ። «እንግዲያው አንቺ ወስኚ። ይቆይ ካልሽ ይቆያል፤ ገጹ ባያምር ጥንቅር ይበል። ይውጣ ካልሽም ይውጣ። ማንም ከቃልሽ አይወጣም።»

ለጠብ ነበር የመጣችው። የተከፈተ በር በትከሻዋ ገፍታ የወደቀች መሰላት። «እሺ» አለች።

ደረጃውን በእግር ነው የወረዱት፤ አሳንሰሩ ሌሎች ሰዎች ነበሩበት።

«ይቆያል» አለች ከመሐል ፎቅ ላይ።

ወንድሟ ጥቂት ደረጃዎች ወረደ። «እሺ። በስልክ ሲታይ እንዳይቆረጥ አንድ መላ እፈልግለታለሁ» አለ። ደግሞ ቆይቶ፣ «ጉንዳኔ ማለት ይቻላል ወይስ ገና ነው?»

«ገና ነው» አለች፤ ግን ቦርሳዋን ሰጠችው፤ ተሸከመላት።

እቤት ሲደርሱ እናታቸው መተኮሻ ጠረጴዛውን ዘርግታ አንሶላ እየተኮሰች ነበር። ዕለቱ ከመድኃኒት ቤቱ ሥራዋ የምታርፍበት ቀን ቢሆንም ማረፍ ላይ ጎበዝ አይደለችም። ወንድሟ ቀጥ ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ፤ መላውን ሊፈልግ። ጉንዳን ላፕቶፑን ይዛ ሳሎን ቀረች።

እናቷን ሳይነግሯት ድረ ገጹን መክፈት እንደማይሆን በመንገድ አስባበታለች። አንድ ቀን ጎረቤት ወይ የሥራ ባልደረባ «ባልሽን ኢንተርኔት ላይ አየሁት» ብሎ ቢያስደነግጣትስ? ታለቅስ ይሆናል። ግን ደስም ይላታል ብላለች በልቧ።

«እማዬ፣ መተኮሻውን አቁሚውና ነይ ተቀመጪ።»

«ምን ሰበርሽ?»

«ምንም አልሰበርኩም። ነይ ብቻ።»

እናቷ መተኮሻውን በተረከዙ አቁማ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀመጠች። ጉንዳን ቤተ መጻሕፍቱን ከፈተች።

እናቷ አላለቀሰችም። አንገቷን አስግጋ አየች፤ አየችና «ይሄ ኮሌታ!» ብላ ሳቀች። «ይሄ የማይረባ ኮሌታ! ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲሄድ እንኳ...» ሳቋ መሐል ላይ ቆመ። ወደ ስክሪኑ ይበልጥ ቀረበች።

«መቼ ነው ይሄ?»

«ቤተ መጻሕፍቱ ሲያልቅ። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ መሰለኝ።»

«አምስተኛ ክፍል» አለች እናቷ። «ያኔም ነበር እንግዲህ።»

«ምኑ?»

«እግሩን እዪው።»

ጉንዳን አየች። ቀኝ እግሩ ቀጥ ብሎ መሬቱን ረግጧል። ግራው ከጉልበቱ ትንሽ ታጥፏል፤ ጫማው መሬቱን በጫፉ ብቻ ነው የነካው። ግራ ትከሻው ዝቅ ያለው ለዚያ ነው። እሷ ዘና ያለ አቋቋም አድርጋ ነበር የወሰደችው፤ እንዲያውም ትንሽ ኩራት ያለበት።

«ፎቶ አንሺው ደመና እስኪያልፍ ይጠብቃል» አለች እናቷ። «ፀሐይዋ እስክትዞር ይጠብቃል። እሱ ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል። ላንቺ 'ሜትር ሆኜ ዋልኩ' ይልሻል፤ ትስቂያለሽ። ለእኔ 'እግሬን' ይለኛል። ጫማውን የማወልቅለት እኔ ነበርኩ።»

«ለምን አልነገራቸውም?»

«ማን? እሱ? 'ቁም ተብሎ መቆም ምን ሥራ ሆነና ነው ደከመኝ የምለው' ይል ነበር። እኔም ቅባት ቀባሁት። ከመድኃኒት ቤት የማመጣው ቅባት ነበር፤ እሱን ቀባሁት። 'አረጀሁ በለኛ' ብዬ ሳቅሁበት።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች፤ ከጉልበቱ ላይ። «ኋላ አልጋ ላይ ሲወድቅ ሐኪሙ የእግሩን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ 'ሕመሙ የጀመረው መቼ ነው?' አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነትም አላውቅም ነበር። ይኸው፣ እዚህ ነበር።»

ጉንዳን ፎቶዎቹን በተነሱበት ዘመን ተራ አሳለፈቻቸው። ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ጉልበቱ ይበልጥ ታጥፏል። ክሊኒኩ ኮሪደር ውስጥ እጁ ግድግዳውን ነክቷል፤ ትናንት ስታየው የሠራውን ግድግዳ እየዳሰሰ ነው ብላ ነበር። ገበያ አዳራሹ የመጨረሻው ነው። እዚያ አምዱን ተደግፏል። ጥፍር የምታክለዋን ሰው አቀረበቻት፣ አቀረበቻት፤ ነጠብጣብ ሆና እስክትበተን አቀረበቻት። ከዚያ መልሳ አራቀቻት።

«አውጪው» አለች እናቷ።

«እ?»

«ከዚያ አውጪው። ሥራው አልቋል፤ ይግባ።»

«እማዬ፣ ይቆይ አስብዬ ነው እኮ የመጣሁት። ጋሼን አስፈቅጄ!»

«አውቃለሁ፣ እናቴ።»

«ሌላ ቦታ የለም እኮ። ሰው የሚያየው ቦታ ይሄ ብቻ ነው። ከዚህ ካወጣሁት የት ይሄዳል?»

እናቷ ተነሥታ የተተኮሰውን አንሶላ ጫፍ ይዛ ማጠፍ ጀመረች፤ ጉንዳን ሳታስበው ሌላውን ጫፍ ያዘችላት፤ ተቀራርበው፣ ተራርቀው፣ እንደ ሁልጊዜው አጠፉት።

«እኔ እንጃ የት እንደሚሄድ» አለች እናቷ አንሶላውን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ግን በዚያ እግር ቆሞ እንዲውል አልፈልግም።»

«የሚያውቅ የለም። ሰው የሚያየው በሩን ነው።»

«እኔ አውቃለሁ። አሁን አንቺም አወቅሽ።»

እናቷ ወደ መተኮሻዋ ተመለሰች። ጉንዳን ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። የፎቶዎቹን ዋና ቅጂ ለብቻው አስቀመጠችና «ለኛ ይቀመጣሉ» አለች ዞራ ሳታይ። «አስቀምጪው» አለች እናቷ፤ «እኔ ግን አልከፍተውም።»

ቤተ መጻሕፍቱን ከፈተች። ቸኩላ ሁሉን ነገር የምታበላሽ ልጅ ናት፤ ሁሉም ይላታል። አሁን አልቸኮለችም። ከጫማው ጀመረች፤ ከታጠፈው ጉልበት ላይ ድንጋይ፣ ከዝቅተኛው ትከሻ ላይ ድንጋይ። ኮሌታው ጋ ስትደርስ እጇን አንስታ ጣቶቿን አፍታታች። ከዚያ ቀጠለች። በሩ ብቻውን ቀረ፤ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይታወቅም። ትምህርት ቤቱን ቀጠለች። ክሊኒኩን ቀጠለች። ከጀርባዋ የመተኮሻው እንፋሎት እሽ፣ እሽ ይላል።

ክሊኒኩን እንደጨረሰች ወንድሟ ስልኩን ወደ ላይ እንደ ዋንጫ ይዞ ከክፍሉ ወጣ።

«አገኘሁት! ተመልከቱ፣ በስልክም ሙሉውን ይታያል፤ አይቆረጥም! ፎቶው ራሱ እንዲ...» ባዶውን ኮሪደር ስክሪኗ ላይ አየ። ስልኩን ቀስ ብሎ አወረደው። «ይቆያል ብለሽ አልነበር?»

«ሐሳቤን ቀየርኩ።»

«ለምን?»

የመተኮሻው ድምፅ ቆመ። እናቷ አላየቻትም፤ አንገቷን ደፍታ የአንድ ትራስ ልብስ ጠርዝ በጣቶቿ ታስተካክላለች። ወንድሟ እያያት ነው። ይህ የአባቷ እግር ነገር ዛሬ ለእሱ ከደረሰ ነገ ጋሼ ጋ ይደርሳል። ጋሼ ደግሞ ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ይከፍታሉ፤ እሱን አቁመው የጠበቁትን ደመና ሁሉ አንድ በአንድ ያስታውሳሉ።

«እንዲሁ» አለች። «አላማረኝም። በሩ ብቻውን ሲሆን ይሻላል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ አልኩህ እኮ። ለጋሼም እንደዚያው በላቸው።»

ወንድሟ ስልኩን ኪሱ ከተተ። የሆነ ነገር ከትከሻው ላይ የወረደለት ይመስላል፤ የተቀየመም ይመስላል። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብሎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። መተኮሻው እንደገና እሽ አለ።

ጉንዳን የገበያ አዳራሹን ከፈተች። አባቷ አምዱን ተደግፎ ይጠብቃል። ብሩሹን አነሳች።